ማንበብ ለማትችል ልጅ ሶፍትዌር መምረጥ፦ የአንድ የጅማ ቤተሰብ ጉዳይ

ጥያቄው

ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛ። እናት ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ አባት ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ቡና የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ቤት የሚውሉት አያትና የልጅ ልጃቸው ናቸው። ልጅቷ 4 ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ ፊደል ገና አልቆጠረችም። እናትየው እኔ ጋ ስትመጣ ያለችኝ አጭር ነው፦ «እህቴ፣ ስልኬን ከእጇ ማስጣል አቃተኝ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚረባ ነገር ጫኚላትና ቢያንስ ትማርበት።»

መዋእለ ሕፃናት ውስጥ አስተምራለሁ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ለወላጆች ኮምፒውተር አዘጋጃለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። ይህን ቤት መርጬ በዝርዝር የምጽፈው ከየቤቱ ተበታትኖ የማገኘው ችግር ሁሉ እዚህ አንድ ላይ ስለተገናኘ ነው፦ ሦስት ቋንቋ የምትሰማ ልጅ፣ የቤት ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር፣ ሄድ መጣ የሚል መብራት፣ እና አጠገቧ የሚውሉ ግን ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ አያት።

ላፕቶፑ 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ዕቃ ነው። ባትሪው ደክሟል፤ ከሶኬት ሲነቀል ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። ከሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች አንዱ ይንቋቋል። ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ማንበብ ለማትችል ልጅ ጽሑፉን የሚተካላት ድምፅ ነውና ድምፅ የማይሰማበት ኮምፒውተር ለእሷ ግማሹ የተቀደደ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ከሶፍትዌሩ በፊት እናትየው ርካሽ የጠረጴዛ ስፒከርና ለትንሽ እጅ የሚሆን ማውስ እንድትገዛ አደረግሁ። የላፕቶፑ የጣት መዳሰሻ ለሕፃን ፈጽሞ አይመችም፤ አንዱን ጣት እየጎተቱ በሌላው መጫን በዚህ ዕድሜ ከባድ ነው።

ቀድሞ የተጫነው

አባት ላፕቶፑን እንደገዛ ከተማ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ቤት ወስዶ «የልጅ ነገር ጫኑልኝ» ብሎ ነበር። ከፍላሽ አንድ ሙሉ ፎልደር ገለበጡለት፦ የእንግሊዝኛ ኤቢሲ ማስተማሪያ፣ የአማርኛ ፊደል ማስተማሪያ፣ የመኪና ውድድር፣ የመዝሙር ቪዲዮዎች። ከእነሱ ጋር ሾርትከት ቫይረስም ገብቷል። ፎልደሮቹን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት ተክቷል። ሥራዬን የጀመርኩት እሱን በማጽዳት ነው። የፈቃድ ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ ፕሮግራም ከየፍላሹ መገልበጥ በከተማችን የተለመደ ነው፤ የልጅ ኮምፒውተር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ መሆኑን ወላጆች ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ልጅቷን ኮምፒውተሩ ፊት በርጩማ ላይ አስቀምጬ እኔ ከኋላዋ ቁጭ አልኩ። የምከተለው አንድ ሥርዓት አለኝ፦ የመጀመሪያዋን ደቂቃ አንዲት ቃል አልተነፍስም፣ እጄንም አልዘረጋም። ማንም ሳያነብላት መጀመር ትችላለች? መሀል ላይ ስትቸገር የምትይዘው ነገር ታገኛለች? ሲበቃት ራሷ መውጣት ትችላለች? ለዚህ ዕድሜ የተሠራውን ሶፍትዌር «ለልጆች» ተብሎ ከተለጠፈበት ሶፍትዌር የሚለየው ይህ ነው።

የኤቢሲው ፕሮግራም ገና ሲከፈት ስም ጻፉ አለ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። ዝም አልኩ። እንዳጋጣሚ አንድ ቁልፍ ስትነካ ቀጣዩ ገጽ መጣ፤ እዚያም በቀለምም በመጠንም አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ ልዩነታቸው የተጻፈባቸው ቃል ብቻ ነው። ሦስተኛውን ነካች፤ ፕሮግራሙ ተዘጋ። እንደገና ከፈተችው፣ እንደገና ተዘጋ። አያት ከወዲያ ሆነው «ምነው ልጄ፣ አሳዪያት እንጂ!» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ አዋቂ ካላሳያት መጀመሪያውንም የማታገኘው ፕሮግራም ነው።

አስገባኋት። በእንግሊዝኛ አንድ ድምፅ «ቢ የሚለውን ፊደል ንኪ» ይላል። ትክክሉን ስትነካ አንዲት ኮከብ ብልጭ ትላለች። ስትሳሳት ግን ባለቀይ አፍንጫ ሰውዬ ከደረጃ ተንከባሎ ይወድቃል፤ ድምፁም ያስቃል። ልጅቷ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። ቢ ሲባል ቢን ትታ ሌላውን ሁሉ እየነካች ሰውዬውን ደጋግማ ጣለችው፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ፕሮግራሙን በደንብ ገብቷታል፤ ፕሮግራሙ የሚሸልመው ስህተትን ነው።

የአማርኛ ፊደል ማስተማሪያው በዚህ በኩል ይሻላል፤ የሚናገረው በቋንቋዋ ነው። ሀ ሁ ሂ እያለ በዜማ ይሄዳል፤ የተጠራው ፊደል ያበራል። ልጅቷ ዜማውን ከአፉ ነጥቃ አብራ ታወርዳለች፤ እናቷም ስትሰማት ደስ ይላታል። እኔ ዜማውን አቁሜ «ሉ የቷ ናት?» ብዬ ጠየቅኋት። ከሀ ጀምራ መዝፈን ቀጠለች፤ ሉ ላይ ስትደርስ ጣቷ ሌላ ፊደል ላይ ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ፊደል ሲያስቆጥሩ በስንጥር እያስጠቆሙ ወደ ጎን ያስኬዳሉ፣ ወደ ታች ያስወርዳሉ፣ ዘለው ይጠይቃሉ፤ ልጁ በዜማው ብቻ እንዳያልፍ ነው። ይህ ፕሮግራም ዜማውን ወስዶ መጠቆሙን ትቶታል። በዚያ ላይ ፊደሎቹን አንድ ገጽ ላይ ለማጨቅ አሳንሷቸው ሰ ከሸ፣ ተ ከቸ፣ ነ ከኘ የሚለይበት ራሳቸው ላይ ያለው መስመር በዚያ ስክሪን ለእኔም በግድ ነው የሚታየኝ። 33ቱን ፊደል በሰባት በሰባት ስናባዛ 231 ነው፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊቷ መደርደር ማስተማር አይባልም።

ሦስት ቋንቋ በአንድ ጆሮ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ምክር ሁሉ የሚዘለው ይህንን ነው።

ልጅቷ ከእናቷ ጋር አማርኛ ትናገራለች። አያቷን «አኮ» ትላቸዋለች፤ ከእሳቸውና ከሰፈር ልጆች ጋር አፋን ኦሮሞና አማርኛ እያቀላቀለች ነው የምታወራው። ነርሰሪ ስትገባ የእንግሊዝኛ መዝሙር አለ። ወደፊት በትምህርት ቤት ቁቤ ትማራለች። ቁቤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የአፋን ኦሮሞ ይፋዊ አጻጻፍ የሆነው የላቲን ፊደል ነው። ፊደሉ ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ይሁን እንጂ ድምፁ አንድ አይደለም። እንግሊዝኛው «ኤክስ» የሚለው ፊደል በቁቤ ጥ ነው። «ሲ» የሚለው ጭ ነው። «ኪው» የሚለው ቅ ነው። እንግዲህ በ4 ዓመቷ ኤቢሲ የሚያስለፈልፍ ፕሮግራም ፊት ብናስቀምጣት፣ ቁቤ ስትጀምር ያንኑ ቅርጽ በሌላ ድምፅ ልትሰማው ነው። ትላልቅ ልጆች ይህን ይለያሉ። ምንም ፊደል በሌላት ልጅ ላይ ግን ከሦስቱ አንዱ እንኳ ሳይረጋ ሦስቱን መደራረብ ትርፉ ግራ መጋባት ነው።

ስለዚህ ለእናትየው የነገርኳት ይህን ነው፦ ለጊዜው ፊደል የሚያስተምር ሶፍትዌር አልጭንም። ልጅቷ አሁን የሚያስፈልጋት ለጆሮዋ፣ ለእጇና ለአፏ የሚሆን ነገር ነው፤ የምታየውን በስሙ የምትጠራበት፣ የሠራችውን የምትተርክበት። ደስ አላላትም። የጎረቤት ልጅ እስከ ዜድ ድረስ ይላል፤ የግል መዋእለ ሕፃናት ሲያስመዘግቡም ልጁን የሚፈትኑ አሉ። «ይሄ እኮ መጫወቻ ነው፤ ትምህርቱ የታለ?» አለችኝ። ጭንቀቷ የእውነት ነው፤ በየቀኑ የማያቸው ወላጆች ሁሉ ያላቸው ጭንቀት ነው። ትንሽ ታገሺኝ፣ ካየሽው በኋላ እንነጋገራለን አልኳት።

በዚህ ጉዳይ ዋና መለኪያ ሆኖ የቆየ ሥራ አለ። ሱዛን ሆግላንድና ዳንኤል ሼድ የተባሉ አሜሪካውያን የሕፃናት ትምህርት ባለሙያዎች ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ሶፍትዌር የሚመዘንባቸው አሥር ነጥቦች አዘጋጅተዋል። ከእነሱ ውስጥ ለዚህ ቤት የወሰድኳቸው ልጁ ራሱ መቆጣጠሩ፣ ያለ አዋቂ መሥራት መቻሉ፣ መመሪያው ግልጽ መሆኑ፣ ክብደቱ እየጨመረ መሄዱ፣ እና ከውጤቱ ይልቅ ለሥራው ሂደት ቦታ መስጠቱ ናቸው። ሆግላንድ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣችው ጥናት ደግሞ ጥያቄና መልስ ብቻ በሚያስደጋግም ሶፍትዌር የሠሩ ሕፃናት በፈጠራ ችሎታ መለኪያ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ዛሬ የለም፤ የኤቢሲው ፕሮግራም ግን የዚያው ዓይነት ነው። በአሥሩ ነጥቦች ላይ እኔ አንድ ጨምሬበታለሁ፦ ድምፁ በየትኛው ቋንቋ ነው? ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤት ይህ ጥያቄ አይነሳም። ለጅማ ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ታክስ ፔይንት

መጀመሪያ የጫንኩት ታክስ ፔይንት ነው። ቢል ኬንድሪክ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ ከ3 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነፃ የሥዕል ፕሮግራም ነው። ዋይፋይ ካለበት ቦታ አንድ ጊዜ አውርጄ በንጹሕ ፍላሽ አመጣሁት፤ ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል። የምናሌው ጽሑፍ በአማርኛም ሊደረግ ይችላል፤ አደረግሁት፤ ግን ለእናትየው እንጂ ለልጅቷ ለውጥ አያመጣም፤ እሷ የምታየው ሥዕሉን ነው።

ፕሮግራሙ ሲከፈት ስም አይጠይቅም፣ ደረጃ አያስመርጥም። ነጭ ወረቀት ፊቷ ይመጣል፤ በግራ መሣሪያው፣ ከታች ቀለሙ ተደርድሯል። ምንም አልተናገርኩም። ማውሱን ይዛ ጎተተች፤ ጥቁር መስመር ተከተላት። ቆም አለች። እንደገና ጎተተች። ቀዩን ቀለም ነካች፤ የቀለሙ መለወጥ በድምፅም ይነገራታል። ደቂቃዋ አለቀች፤ አንዴም ዞር ብላ አላየችኝም።

ሁለት ነገር አስቸገራት። አንደኛው፣ ማውሱን በሙሉ መዳፏ ስለምትጨብጠው በግራው ፈንታ የቀኙን ቁልፍ ትጫናለች። ፕሮግራሙ ሲጫን የሚቀበለው የግራውን ብቻ ነው፤ ለወላጅ በተዘጋጀው የማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ግን ሁሉም ቁልፎች እኩል እንዲሠሩ ማድረግ ይቻላል። አደረግሁት፤ ቸገራት የሚባለው ነገር ቀረ። ሁለተኛው፣ ተጭኖ መጎተት ነው። ሕፃናት ነክቶ መልቀቅ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ተጭኖ ይዞ መጎተት ግን ይዘገያል። ለዚህ ያለው መድኃኒት ልምምድ ነው፤ ሲሰለቻት ደግሞ በአንድ ንክኪ ብቻ የሚታተሙ ማኅተሞች አሉ።

የዚህ ሁሉ ጉዳይ እምብርት እነዚህ ማኅተሞች ናቸው። ታክስ ፔይንት ውስጥ ማኅተም ማለት የተዘጋጀ ሥዕል ነው፤ መርጠሽ ወረቀቱ ላይ ታትሚዋለሽ፣ ታሳድጊዋለሽ፣ ታሳንሺዋለሽ፣ ታዞሪዋለሽ። እያንዳንዱ ሁለት ድምፅ ሊኖረው ይችላል፦ አንዱ የነገሩ የራሱ ድምፅ፣ ሌላው ስሙን የሚናገር የሰው ድምፅ። ተዘጋጅተው የሚመጡት ማኅተሞች የውጭ አገር ናቸው፤ ስማቸውም በእንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን ማንም ሰው የራሱን መጨመር ይችላል። ፎቶው ከጀርባው ተቆርጦ ፒኤንጂ በሚባል የምስል ፋይል ዓይነት ይቀመጣል፣ ድምፁ በአጠገቡ በተመሳሳይ ስም ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ያገናኛቸዋል።

የቤቱን ዕቃ በእናትየው ስልክ ፎቶ አነሳን፦ ጀበና፣ ስኒ፣ በርጩማው፣ ሙዝ፣ የጎረቤት በግ፣ የአባቷ መኪና። ድምፁን ማን ይቅዳ ሲባል እናት ራሷ ልትሆን ነበር። እኔ አያትን ጠየቅሁ፦ «እማማ፣ እርስዎ ይጥሩልን፤ ቀኑን ሙሉ የምትሰማው የእርስዎን ድምፅ ነው።» መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ «እኔ ምን አውቄ» አሉ። ከዚያ ልጅቷ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ ፎቶውን እያሳየቻቸው ጀመሩ። በመጀመሪያው የድምፅ ቦታ አማርኛውን፣ በሁለተኛው አፋን ኦሮሞውን አስገባሁ። ስለዚህ ልጅቷ በጉን ስትነካ «በግ» ይላል፤ ቀጥሎ «ሆላ» ይላል፤ ሁለቱም በአያቷ ድምፅ። በጉን ሲቀዱ ከስሙ በኋላ «ባ» ብለው ጨመሩበት፤ አልቆረጥኩትም።

ልጅቷ ይህን የሰማች ቀን ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። በጉን ደጋግማ ነካችው፤ በየጊዜው ከስክሪኑ ወደ አያቷ ፊት ትመለከታለች፤ አፋቸው ሳይንቀሳቀስ ድምፃቸው ይመጣል። ከዚያ በጉን አሳድጋ አተመችው። አሳንሳ ከጎኑ ሌላ አተመች፤ «ልጁ ነው» አለች። ጀበናውን በሁለቱ መሀል አኖረችው። በቀይ ቀለም ዙሪያውን ከበበችው። «ምንድን ነው እሱ?» አልኳት። «እሳት ነው፤ ቡና ሊጠጡ ነው፤ ልጁ ግን ትንሽ ስለሆነ አይሰጡትም፤ ያለቅሳል።» አያት ከጎኗ ሆነው በአፋን ኦሮሞ ለምን አይሰጡትም አሏት፤ በአፋን ኦሮሞ መለሰችላቸው፤ ክርክር ጀመሩ።

እናትየው ከበሩ ላይ ቆማ ይህን እያየች ነበር። ትምህርቱ የታለ ላለችው መልሴ ይኸው ነው። ልጅቷ በሁለት ቋንቋ ነገር አሰናስላ ተናገረች፤ ትልቅና ትንሽ፣ ከፊትና ከኋላ፣ ለምንና ስለዚህ ሁሉ በአፏ ውስጥ አለፉ። ንባብ ሲመጣ የሚያርፍበት መሬት ይህ ነው። የኤቢሲው ፕሮግራም ግን አንድም ቃል ከአፏ አላወጣም ነበር።

ሥራዋን የምታስቀምጥበትም መንገድ ለዚህ ዕድሜ የታሰበ ነው። አንድ ቁልፍ ስትነካ ይቀመጣል፤ የፋይል ስም አይጠይቅም፣ የት ላድርገው አይልም። ስትከፍት የድሮ ሥዕሎቿ በትንንሹ ተደርድረው ይመጡላታል፤ በዓይኗ መርጣ ታወጣለች። ጽሑፍ መጻፊያው ግን ለጊዜው ከንቱ ነው፤ አልነካችውም፣ አልነገርኳትምም። አስማት የሚሏቸው መሣሪያዎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ድምፃቸው ስለሚያጓጓ ሥዕሉን ሁሉ ትሸፍንባቸዋለች። ይህም ያልፋል ብዬ ተውኩት።

ጂኮምፕሪ

ሁለተኛው ጂኮምፕሪ ነው። ፈረንሳዊው ብሩኖ ኩዱዋን እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆኑ ከመቶ በላይ ጨዋታዎች በአንድ ላይ የያዘ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ብዛቱ ራሱ ችግር ነው፤ ቼዝና ስሌት ከሕፃን ጨዋታ ጎን ይቀመጣል። የክብደት ደረጃ መወሰኛ ስላለው ከባዶቹን ሁሉ ደበቅኋቸው።

ለልጅቷ የመረጥኳቸው ቃል የማይፈልጉትን ነው። አንደኛው ማውሱን በማንቀሳቀስ ብቻ ስክሪኑን የሸፈኑትን ሣጥኖች እየጠረጉ ከሥር ያለውን ሥዕል መግለጥ ነው። ቀጥሎ ያው ጨዋታ በመንካት ይመጣል፤ ቀጥሎ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ በመንካት። እጇ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን አትጠየቅም፤ ክብደቱ እየጨመረ መሄድ አለበት የተባለው ይህን ነው። ተመሳሳይ ሥዕሎችን የማስታወስ ጨዋታም ወደደች፤ በእሱ እናቷን ማሸነፍ ጀምራለች።

በዚህ ኮምፒውተር ላይ በገባው ቅጂ ድምፁ እንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ የቀለም ስም ተጠርቶ ያንን ቀለም የለበሰችውን ዳክዬ ንኪ የሚለው ጨዋታ ለብቻዋ አይሆናትም። እናትየው ግን ይህን ልታስቀረው አልፈለገችም፤ «እኔ አጠገቧ ስሆን እንግሊዝኛ ትማርበት» አለች። ተስማማሁ። ቀለሙን ልጅቷ በአማርኛ ታውቀዋለች፤ አዲሱ ነገር ስሙ ብቻ ነው፤ አዋቂም አጠገቧ አለ። የቋንቋ ሶፍትዌር በዚህ ዕድሜ የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው ብዬ አምናለሁ።

የአባት ጥያቄዎች

አባት ከመንገድ ሲመለስ ሁለት ነገር ጠየቀ። የመጀመሪያው «ነፃ ነገር ምን ዋጋ አለው?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በስልክ ላይ «ነፃ» የተባለው ሁሉ ሌላ ቦታ ሲያስከፍል አይቷል። ልጅቷ የእናቷን ስልክ ስትይዝ የሚሆነውን አሳየሁት፦ ጨዋታው መሀል ማስታወቂያ ይመጣል፤ ማንበብ የምትችል ልጅ ቢያንስ ማስታወቂያ መሆኑን ልታውቅ ትችላለች፤ ለእሷ ግን የሚያብረቀርቀው ሁሉ የጨዋታው አካል ነው፤ ትነካዋለች፤ ሌላ ነገር አውርዱ የሚል ገጽ ይከፈታል። ታክስ ፔይንትና ጂኮምፕሪ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠሩ፣ ማንም በነፃ ሊጠቀምባቸውና ሊያሻሽላቸው እንዲችል በሕግ የተፈቀዱ ናቸው፤ ማስታወቂያ የላቸውም። በኮምፒውተሩ ላይ ለልጅቷ የራሷን መግቢያ ከፈትኩላት፤ ስትገባ የሁለቱ ፕሮግራሞች ትልልቅ ምስል ብቻ ይታያታል። የመኪና ውድድሩን አባት ራሱ አስጠፋው።

ሁለተኛው ጥያቄው ከባድ ነበር። «ልጅ በራሱ ይማራል ይባላል፤ ለምን ሰው አጠገቧ ይቀመጣል?» አለኝ። የወንጪን ታሪክ ሰምቷል። ከጅማ አዲስ አበባ ሲመላለስ ወሊሶን ያልፋል፤ ወንጪ ከዚያ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 የ«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ድርጅት መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሁለት የገጠር መንደሮች ማንበብ ለማይችሉ ልጆች ታብሌት ያለ አስተማሪ መታደሉን፣ ልጆቹም ካርቶኑን ራሳቸው ከፍተው ማብራት እንደቻሉ፣ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር እንደዘመሩ፣ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ እንደከፈቱ ተናግሯል። ልጆች ምን ያህል ብልህ እንደሆኑ የሚያሳይ ነውና ደስ ይለኛል፤ አልጠራጠርም። ነገር ግን የተማሩት መዝሙር እቤታቸው ማንም በማይናገረው ቋንቋ ነው። እዚያ አስተማሪ ስላልነበረ ነው ብቻቸውን የተሰጣቸው። እዚህ ቤት አያት አሉ። በግና ጀበና ላይ የተነሳውን ክርክር ማሽኑ ሊከራከራት አይችልም። አባት ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ የመኪናውን ድምፅ ለምን ራሱ እንደማይቀዳ ጠየቀኝ። ቀዳው፤ ጥሩንባውን ጭምር።

ለታብሌት የተሠሩ ጥሩ ነገሮችም አሉ። ካን አካዳሚ ኪድስ ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች በነፃ የሚሰጥና ማስታወቂያ የሌለው ነው፤ ድምፁ ግን በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፣ የተዘጋጀውም በዋናነት ለስልክና ለታብሌት ነው። ስክራች ጁኒየር ያለ ጽሑፍ በሥዕል ብቻ ፕሮግራም መሥራት የሚያስችል ነው፤ የተዘጋጀው ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ሁለቱንም ለአሁን ተውናቸው። ስልኩን ከእጇ ለማስጣል መጥተን ሌላ ስልክ አንሰጣትም።

ሰዓቱና መብራቱ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ3 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ተቀምጦ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ያነሰ ደግሞ የተሻለ መሆኑን ይመክራል። ሰዓት ማንበብ ለማትችል ልጅ «ግማሽ ሰዓት» ማለት ትርጉም የለውም፤ በመሀል ሲነጠቁ ማልቀስ ነው የሚከተለው። ስለዚህ መለኪያውን ወደ ሥራ ለወጥነው፦ አንድ ሥዕል ሲያልቅና ሲቀመጥ ኮምፒውተሩ ይዘጋል። አያትም ይህን ማስከበር አይከብዳቸውም፤ ሰዓት አይቶ መከራከር የለም። እናት ማምሻውን ስትመለስ የተቀመጠውን ሥዕል ልጅቷ ከፍታ ትተርክላታለች። ለእኔ ከሁሉ የሚጠቅመው ሰዓት ይህ ነው።

መብራት የሄደ ዕለት ግን ያልተቀመጠ ሥዕል ጠፋ። ባትሪው ስለማይዝ በሰከንዶች ጨለመ። ልጅቷ አምርራ አለቀሰች፤ ማን እንደወሰደባት ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ማኅተም ባተመች ቁጥር ማስቀመጫውን ቁልፍ እንድትነካ አያቷ አስለመዷት፤ ቁልፉን በቦታው ለይታ ታውቀዋለች። ክረምት ላይ ጅማ ዝናብ ሲበረታ መብራት ይመላለሳልና ዋናው መፍትሔ ባትሪ መቀየር ነው፤ አባት ከአዲስ አበባ ሊያመጣ ተስማምቷል።

አሁን ያለበት

ልጅቷ ታክስ ፔይንትን ራሷ ከፍታ ራሷ ትዘጋለች። ማኅተሞቹ በዝተዋል፤ ጎረቤት ሲመጣ የሚጠይቁት «የእኔንስ ድምፅ?» የሚል ሆኗል። አያት ማውስ መያዝ ጀምረዋል፤ ልጅቷ ናት ያስተማረቻቸው። ስልኩ ፈጽሞ አልቀረም፤ እናት ስትተኛ አሁንም ትወስደዋለች።

የፊደሉ ነገር ክፍት ነው። እናት መስከረም ላይ እንዲጀመር ትፈልጋለች፤ እኔም ያኔ የሚጫነውን ፕሮግራም አብረን እንድናየው ተስማምተናል። የምፈልገው አምስት ስድስት ፊደል ብቻ በትልቁ የሚያሳይ፣ ተራውን ዘሎ የሚጠይቅ፣ ፊደሉን ልጅቷ ከምታውቀው ቃል ጋር የሚያገናኝ ነው። በተገለበጠው ፎልደር ውስጥ የነበረው አይሆንም። የሚሆን እስኪገኝ ድረስ ሌላ ነገር ጀምረናል፦ የእናቷን ስም፣ የአኮን ስምና የራሷን ስም መነሻ ፊደል እንደ ማኅተም አዘጋጅቼ በአያቷ ድምፅ አስገብቻለሁ። የራሷን ፊደል ሥዕል በሳለች ቁጥር ጥግ ላይ ታትመዋለች።